ተራራ ላይ ብርድ የመታውን ሰው እንዴት መርዳት ይቻላል?

ብርድ ሰውን ለአደጋ ለመጣል በረዶ አያስፈልገውም። ዝናብ ልብስን ካራሰና ነፋስ ከታከለበት፣ አየሩ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖም የተጓዥ የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ውሃ ከሰውነት ሙቀት የሚነጥቀው ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው።

ምልክቱ በመንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቀጥሎ ጣቶች አልታዘዝ ይላሉ፤ ዚፕ መዝጋት ያቅታል፣ እግር ይደናቀፋል፣ አንደበት ይተሳሰራል። ሰውየው «ደህና ነኝ» ቢል አይመኑት፤ ብርዱ የማመዛዘን ችሎታውንም ነክቶታል። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ደግሞ ተሻለው ማለት አይደለም፤ ሙቀት የማመንጨት አቅሙ እየከዳው ነው። ያኔ ሳይዘገዩ የነፍስ አድን እርዳታ ይጥሩ።

1. ከነፋስ ከልለው በጀርባው ያስተኙት። ከሥሩ ምንጣፍ፣ ገመድ፣ ባዶ ቦርሳ፣ ያገኙትን ሁሉ ያንጥፉ። ብዙ ሰው ከላይ ደራርቦ የሚያለብሰውን በሽተኛ ቀዝቃዛው መሬት ከታች ሙቀቱን ይጨርሰዋል።

2. መጠለያ ካለ እርጥቡን ልብስ ያውልቁለት፤ እጅና እግሩን እንዳያንቀሳቅሱ በመቀስ መቅደድ ይሻላል። መጠለያ ከሌለ አያራቁቱት፤ ከነልብሱ በላስቲክ ጠቅልለው ከላይ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) እና ደረቅ ልብስ ይደርቡ። ጭንቅላቱንና አንገቱን ይሸፍኑ፤ ፊቱ ክፍት ይሁን።

3. ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በካልሲ ሸፍነው ደረቱና ብብቱ ላይ ያድርጉ። የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል ስለማይሰማው በየ20 ደቂቃው ይመልከቱ። እጅና እግሩን አይሹ።

4. በደንብ ከነቃና መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ መጠጥ ይስጡት። ዋናው ጥቅም ከሙቀቱ ይልቅ ከስኳሩ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ጡንቻ ነዳጅ ይፈልጋል። አልኮል ፈጽሞ አይስጡ፤ የቆዳ ደም ሥሮችን ከፍቶ ሙቀትን ያስወጣል።

5. ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይነሳ ይቆይ። ከዚያ ተሽሎት፣ አእምሮውም ንጹሕ ከሆነ ቀስ ብሎ ይራመድ። የደነዘዘ ወይም ያንቀላፋ ሰው ግን በፍጹም አይራመድ፤ አያንገላቱትም፣ በዝግታ ይያዙት። በብርድ የደከመ ልብ በትንሽ መናወጥ ምቱ ሊዛባ ይችላል።

ራሱን ከሳተ ትንፋሹንና የልብ ምቱን እስከ 1 ደቂቃ ድረስ ይፈትሹ፤ በብርድ ጊዜ ሁለቱም እጅግ ይዘገያሉ። ከሌሉ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫኑ፤ የቻለ ሰው ካለ ትንፋሽም ይስጥ። ቀዝቅዞና ገርጥቶ የሞተ የመሰለ ሰው ከሞቀ በኋላ የዳነበት ጊዜ አለ፤ ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ።

ውርጭ የመታው ጣት ነጭና ጠንካራ ይሆናል፣ ስሜትም ያጣል። በበረዶ ወይም በእጅ ማሸት ሥጋውን ይጎዳል። ዳግም የመቀዝቀዝ ዕድል ካለው ባያቀልጡት ይሻላል፤ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ሥጋ ጉዳቱ የከፋ ነው። አስተማማኝ ሙቅ ቦታ ሲደርሱ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህል ይንከሩት፤ ሕመሙ ይበረታል። ውሃ የቋጠረውን ሳያፈርጡ በጣቶቹ መካከል ደረቅ ፋሻ አስገብተው ወደ ሕክምና ይውሰዱት።