በሕፃናት አለርጂ፣ በመንቀጥቀጥና በክትባት ላይ የተሠራን ጥናት እንዴት ማንበብ ይገባል?

ስለ ሕፃናት ጤና የወጣን የሕክምና ጥናት የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ ከመደምደሚያው ይጀምራል፤ ይህ ጽሑፍ የሚመክረው ግን ከጥናቱ ዘዴ መጀመርን ነው። የዘዴውን ክፍል አውጥተው ሦስት ነገር ይፈልጉ፤ የተለካው በትክክል ምንድን ነው? የተነጻጸረው ከማን ጋር ነው? ክትትሉስ ምን ያህል ጊዜ ቆየ? አለርጂ፣ መንቀጥቀጥና ክትባት በአንድ ሕፃን የመጀመሪያ ዓመታት ውስጥ ተደራርበው ስለሚመጡ፣ ወላጅም ሆነ ባለሙያ አንዱን የሌላው መንስኤ አድርጎ ለመፍረድ ይቸኩላል።

በአለርጂ እንጀምር። በመርፌ ጫፍ በሚደረግ ምርመራ ቆዳው ካበጠ፣ ወይም በደም ውስጥ አይጂኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘ፣ የሕፃኑ ሰውነት ያንን ምግብ ለይቶ ምላሽ ሰጥቷል ማለት ነው እንጂ ምግቡን ሲበላ ይታመማል ማለት አይደለም። የምርመራ ውጤታቸው ፖዘቲቭ ሆኖ ምግቡን ያለ አንዳች ችግር የሚበሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። አስተማማኙ ማረጋገጫ በሐኪም ክትትል ሥር ምግቡን ከትንሽ መጠን ጀምሮ እየጨመሩ በመስጠት የሚደረገው ሙከራ ነው፤ ይበልጥ የሚታመነውም ሰጪውም ተቀባዩም የትኛው እውነተኛው ምግብ፣ የትኛው ማስመሰያ እንደሆነ ሳያውቁ ሲካሄድ ነው። ስለዚህ አንዱ ጥናት በወላጆች ቃል፣ ሌላው በደም ምርመራ፣ ሦስተኛው በዚህ ሙከራ የቆጠረ ከሆነ የሦስቱን መቶኛ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከንቱ ድካም ነው።

የንጽጽርን ዋጋ ከኦቾሎኒ ጥናቶች በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2000 ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች እስከ 3 ዓመታቸው ኦቾሎኒ እንዳይበሉ መክሮ ነበር፤ በ2008 ግን ምክሩ በቂ ማስረጃ ስላልነበረው አንሥቶታል። በዚያው ዓመት በወጣ ጥናት በብሪታንያ የሚኖሩ አይሁድ ልጆች በእስራኤል ከሚኖሩት 10 እጥፍ ያህል የኦቾሎኒ አለርጂ እንዳለባቸው ታየ፤ የእስራኤሎቹ ደግሞ ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ኦቾሎኒ ይበላሉ። ይህ ግን ምልከታ ብቻ ነው፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ከኦቾሎኒ ሌላም ብዙ ልዩነት አለ። ስለሆነም በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ጊዲየን ላክ የመሩት ቡድን ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸውን፣ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን 640 ሕፃናት በዕጣ ከፍሎ ግማሹን ኦቾሎኒ እንዲበላ፣ ግማሹን እንዲርቅ አደረገ። በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት፣ መጀመሪያ ላይ በቆዳ ምርመራ ምላሽ ካላሳዩት መካከል በ5 ዓመታቸው አለርጂ የተገኘባቸው ከራቁት 13.7 በመቶ፣ ከበሉት 1.9 በመቶ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሁለት ነገር ማየት ይገባል። ይህንኑ ውጤት «አለርጂው በ86 በመቶ ቀነሰ» ብሎ መጻፍም፣ «ከ100 ሕፃናት 12 ያህሉ ከአለርጂ ዳኑ» ብሎ መጻፍም ይቻላል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ለውሳኔ የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ነው። በተጨማሪም በቆዳ ምርመራው እብጠታቸው ከ4 ሚሊሜትር የበለጠ ሕፃናት ከጥናቱ ውጭ እንዲሆኑ ተደርጓል። ውጤቱ እነርሱን አይመለከትም። በብዙዎች የሚዘለለው ይህ፣ እነማን እንዳልተካተቱ የሚናገረው አንድ መስመር ነው።

ወደ መንቀጥቀጥ ስናልፍ ዋናው ጥያቄ የጊዜ ይሆናል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከ2 እስከ 5 በመቶ የሚሆኑት በትኩሳት ምክንያት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይንቀጠቀጣሉ። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት የተዳከሙ ሕያው ቫይረሶችን የያዘ በመሆኑ፣ ቫይረሶቹ እስኪባዙ ጊዜ ስለሚወስድ ትኩሳቱ በአብዛኛው የሚመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ብቻ የተከታተለ ጥናት ምንም አያገኝም፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ላይ የደመረም ጭማሪው ይሰወርበታል። በ2004 የታተመው፣ 537,171 የዴንማርክ ሕፃናትን ያካተተው ጥናት ከክትባቱ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት የትኩሳት መንቀጥቀጥ 2.75 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። «ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ» ሲባል ያስደነግጣል፤ ጭማሪው ግን ከ1,000 ሕፃናት 1.56 ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ተንቀጥቅጠው በሚያውቁ ሕፃናት ግን ይኸው ጭማሪ ከ1,000 ወደ 19 ከፍ ይላል፤ በሚጥል በሽታ ላይ ደግሞ ጭማሪ አልታየም።

የተሳታፊ ቁጥር ብቻ ግን መመዘኛ አይደለም። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ክትባት አንጎላቸውን ጎድቶታል የተባሉ 14 ሰዎችን ብቻ መርምሮ 11ዱ ኤስሲኤን1ኤ በተባለው ጂን ላይ ለውጥ እንዳለባቸው አገኘ፤ ከባድ የሚጥል በሽታ የሚያስከትለው ይህ የጂን ለውጥ ነው። ክትባቱ የሰጠው ትኩሳት የመጀመሪያውን መንቀጥቀጥ አቅርቦት ሊሆን ይችላል እንጂ የበሽታው ምንጭ አልነበረም። ጥያቄው የተመጠነ ከሆነ 14 ሰው ይበቃል። በተቃራኒው 300 ሕፃናት ክትባት ተሰጥቷቸው «አንድም ከባድ ጉዳት አልታየም» ሲባል፣ ሦስትን ለተሳታፊው ቁጥር ያካፍሉ፤ እውነተኛው አደጋ እስከ ከ100 አንድ ሊደርስ እንደሚችል ያገኛሉ።

በክትባት መከላከያ ጥናቶች የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ የፀረ እንግዳ አካል መጠን እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። በ2009 በቼክ ሪፐብሊክ 459 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት፣ ከክትባት ጋር አስቀድሞ የተሰጠ ፓራሲታሞል ትኩሳትን እንደሚቀንስ፣ ለአንዳንድ የክትባት ዓይነቶች የሚመነጨውንም ፀረ እንግዳ አካል እንደሚቀንስ አሳየ። እነዚህ ልጆች በኋላ ይበልጥ ታመሙ ወይ ለሚለው መልስ የለውም፤ አልለካውምና። መንቀጥቀጥን ፈርተው መድኃኒቱን ትኩሳት ሳይኖር ለሚሰጡ ወላጆች ግን ቁም ነገር አለው፤ ትኩሳት ማብረጃ መንቀጥቀጥን አስቀድሞ ይከላከላል የሚለው እምነት ጠንካራ ማስረጃ የለውምና። ዕድሜንም አይርሱ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ሲሰጥ 85 በመቶ ያህሉን፣ በ12 ወር ሲሰጥ ደግሞ 95 በመቶ ያህሉን ይከላከላል፤ ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ከእናት የተወረሰው ፀረ እንግዳ አካል ነው።

ጥናቱን ይዘው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የተሳታፊዎቹን ዕድሜ፣ ያልተካተቱትንና የተለካውን ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከጎኑ የልጅዎን ዕድሜ፣ ችፌ እንዳለበትና ከዚህ በፊት ተንቀጥቅጦ እንደሚያውቅ ያስፍሩ። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበትን ሕፃን ኦቾሎኒ ከማስቀመስ በፊት ማስመርመር ያስፈልጋል። ሙሉ ፍሬው ደግሞ ስለሚያንቅ ለማንኛውም ሕፃን አይሰጥም፤ በለንደኑ ጥናትም የተሰጠው አፍ ውስጥ የሚሟሟ የኦቾሎኒ መክሰስ ወይም የላመ የኦቾሎኒ ቅቤ ነበር።