ከፓሪስ ወጣ ስትሉ ምሳችሁን ቀድማችሁ ግዙ

እንደ ሳን-ዤርማን-ኦን-ሌ ያለ ጸጥተኛ የፓሪስ ዳርቻ ከተማ ከሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ በራብ መዞር ነው። ትንንሾቹ ሱቆች ለምሳ ይዘጋሉ፤ ብዙ ምግብ ቤቶችም በእኛ 8 ሰዓት ገደማ ማብሰል ያቆማሉ። ረፋዱ ላይ ድረሱ፤ መጀመሪያ ትኩስ ዳቦና አይብ ግዙና ከከተማዋ ቤተ መንግሥት አጠገብ ወዳለው፣ እንደ ሰገነት ከፍ ብሎ ወደተሠራው ረጅም የእግር መንገድ ሂዱ። ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከታች የሴን ወንዝን፣ ራቅ ብሎ ፓሪስን እያያችሁ ትበላላችሁ። ለእኔ ከምግብ ቤት ይሻላል!

የሚወስዳችሁ ኤር-ኧ-ኤር «አ» (RER A) የሚባለው የፓሪስና የዳርቻዋ ባቡር ነው። መስመሩ መሃል ላይ ስለሚከፋፈል ከመሳፈራችሁ በፊት የከተማዋ ስም በጣቢያው ሰሌዳ ላይ መኖሩን እዩ።

ሰኞ ግን አትሞክሩት፣ ብዙው ሱቅ ዝግ ነው። የቤተ መንግሥቱን ሙዚየም ለማየት ደግሞ ከማክሰኞ ሌላ ቀን ምረጡ።