የላላ የመኪና መሪን መርምሮ መጠገን

ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን ግራ ቀኝ ሳያባብሉ መኪናው መስመሩን የማይጠብቅ ከሆነ መሪው ላልቶ ይሆናል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ጎማ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎችን አቅጣጫ ወደማስተካከል፣ ነው። ይህ ገንዘብ መጣል ነው፤ መገጣጠሚያው ከተበላ የተስተካከለው ጎማ ብዙ ሳይቆይ መልሶ ይዛባል። አስቀድሞ የላላው ቦታ ይፈለግ፣ የተበላው ይቀየር፣ አላይመንት ከዚያ ይከተላል።

በቀላሉ ይጀምሩ። የፊት ጎማዎችን አየር ያስለኩ፤ ትክክለኛው መጠን በአብዛኞቹ መኪናዎች የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። የጎማ ዳዶዎች መጥበቃቸውንም ያረጋግጡ። የመሪ ዘይት መጨመር ግን ለዚህ መድኃኒት አይደለም፤ ዘይት ሲጎድል መሪ ይከብዳል እንጂ አይላላም።

ቀጥሎ ልቅነቱን ይለኩት። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው ጎማዎቹን ቀጥ ያድርጉ፣ ሞተሩን ያስነሱ። የፊት ጎማውን የሚያይ ሰው ውጭ ያቁሙ። መሪውን በጣት ቀስ አድርገው ወደ አንድ ጎን ይግፉትና ጎማው መንቀሳቀስ ሲጀምር ያቁሙ፤ የመሪው ጠርዝ የደረሰበትን ምልክት ያድርጉ። ወደ ሌላው ጎን ይድገሙት። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት በቶዮታ ኮሮላ ቢበዛ 30 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ አንድ ቦታ ተበልቷል ማለት ነው።

የተበላውን ለማግኘት ሞተሩን ያጥፉ፣ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን ከፍተው ይተዉት። ጎማዎቹ መሬት እንደረገጡ ረዳትዎ መሪውን በአጭር በአጭሩ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዝ። እርስዎ እንቅስቃሴውን ከላይ ወደ ታች ይከተሉ። መጀመሪያ ከፔዳሎቹ በላይ፣ የመሪው ዘንግ ወደ ሞተር ክፍል የሚያልፍበትን መጋጠሚያ ይመልከቱ። የላይኛው ዘንግ ዞሮ የታችኛው የሚዘገይ ከሆነ ችግሩ እዚያው ነው። አንዳንድ ጊዜ የላላው ቡሎኑ ብቻ ስለሆነ በማጥበቅ ያልቃል።

ከዚያ እጅዎን ከፊት ጎማው ኋላ አስገብተው ጎማውን የሚገፋውን ዘንግ ጫፍ፣ መካኒኮች ቴስቲኒ የሚሉትን፣ በመዳፍዎ ጨብጠው ይያዙ። ጤነኛ ከሆነ ዘንጉና ጎማው አብረው ይሄዳሉ። የተበላ ከሆነ ዘንጉ ቀድሞ ሲዘል ጣትዎ ላይ ቀጭ ይልብዎታል። ላስቲኩ ተቀዶ ቅባቱ ከአቧራ ጋር ተለውሶ ካገኙት ዕድሜው አብቅቷል፤ አቧራ የገባበት ቅባት ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በፒስታ መንገድ ለሚነዳ ሰው ይህ ላስቲክ በየዘይት ቅያሬው መታየት አለበት።

አሁን የኋላ ጎማዎችን በሹል ድንጋይ ወይም በእንጨት አግደው ፊቱን በክሪክ ያንሱ፣ በብረት መደገፊያ እግርም ያሳርፉት። በክሪክ ብቻ ወይም በድንጋይ ክምር ወደ ቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘው ያንቀጥቅጡ፤ ከተንቀጫቀጨ የመሪ ዘንጉ ነው። ከላይና ከታች ይዘው ሲያንቀጠቅጡት ከተንቀሳቀሰ ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥ። እንቅስቃሴው ከጠፋ ኩሽኔታው፣ ካልጠፋ ጎማውን ከሥር ካለው ክንድ ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ፣ የታችኛው ቦል ጆይንት፣ ነው። እንቅስቃሴው በዓይን የሚታይ ከሆነ መኪናውን አይንዱት። መካኒኩ ካለበት ይምጣ፤ ቦል ጆይንት በጉዞ ላይ ከወለቀ ጎማው ከመኪናው ሥር ይታጠፋል።

ቴስቲኒ መቀየር መሣሪያ ላለው ሰው አይከብድም። የጎማውን ዳዶዎች መኪናው ሳይነሳ ያላሉ፣ ከዚያ አንስተው ጎማውን ያውልቁ። በዘንጉ ላይ ያለውን ማጥበቂያ ዳዶ ትንሽ ያላሉ። መቆለፊያ ሽቦውን አውጥተው የታችኛውን ዳዶ ይፍቱ። ጫፉን በመንቀያ ያላቁት፤ መንቀያ ከሌለዎት የሚመታው የተሰካበት ጆሮ ጎን እንጂ ጥርሱ አይደለም። አሮጌውን ከዘንጉ ላይ አዙረው ሲያወጡ በስንት ዙር እንደወጣ ይቁጠሩ፤ አዲሱ በዚያው ዙር ይግባ፣ የዘንጉም ማጥበቂያ ዳዶ ይጥበቅ። የታችኛውን ዳዶ በመኪናው መጽሐፍ ልክ አጥብቀው አዲስ ሽቦ ያስገቡ። ቀዳዳው ካልገጠመ ትንሽ ጨምረው ያጥብቁ፣ መልሰው አያላሉ።

ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ፣ ያገለገለ በር ወይም መብራት መግዛት ያስኬዳል፤ ቴስቲኒና ቦል ጆይንት ግን አዲስ ይሁኑ።

እንደ ላንድክሩዘር 70 ባሉ መኪናዎች የመሪው ማርሽ ሳጥን አናት ላይ ማስተካከያ ቡሎን አለ። ብዙዎች መሪ በላላ ቁጥር እሱን ያጠብቃሉ። እኔ አልመክርም፤ በመጀመሪያ ዘንጎቹ ይጣሩ። ማርሹ የሚበላው መሃሉ፣ ጎማ ቀጥ ሲል የሚነካካበት ቦታ ነው። እዚያ ልቅነቱ እስኪጠፋ ካጠበቁት ሲታጠፉ ይነክስና መሪው ወደ መሃል አልመለስ ይላል። የግድ ከሆነ ከዙር ስምንተኛ እጅ አይበልጥም፣ ከዚያ እየነዱ መፈተሽ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ባዶ ቦታ ላይ በዝግታ ነድተው ይሞክሩት፣ ከዚያ ወደ አላይመንት ይውሰዱት። ባለሙያው መሪው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ዘንጎቹን ሲያስተካክል እርስዎ ያጠበቁትን የዘንጉን ማጥበቂያ ዳዶ መልሶ ይፈታዋል። ከመውጣትዎ በፊት በሁለቱም በኩል መጥበቁን አጎንብሰው ይዩ።