ዳገት ላይ የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ ባትሪውን ከማማታችሁ በፊት

ለገጣፎም ይሁን ሰበታ፣ ቤት ውስጥ የተገጣጠመ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሜዳውን በደህና ሄዶ ዳገት ላይ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታማው ባትሪው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ኮብልስቶኑ እየነቀነቀ ያላላው መጋጠሚያ ሆኖ ይገኛል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቴስተር አውጡ። ከታች ያሉት ቁጥሮች 48 ቮልት ለሚባለው፣ 13 ረድፍ የሊቲየም አዮን ሴል በተከታታይ ለታሰረበት ባትሪ ናቸው።

ባትሪው ሲሞላ 54.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ቻርጀሩ ለብቻው ሲለካ 54.6 እየሰጠ፣ ባትሪው 52 ላይ እያለ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ አንዱ ረድፍ ቀድሞ እየሞላ ቢኤምኤሱ (ሴሎቹን የሚጠብቀው፣ ባትሪው ውስጥ ያለው ሰርኪዩት) ቻርጁን እያቋረጠው ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ በተለቀሙ ሴሎች የተሠራ ባትሪ ይህ ያጠቃዋል፤ የሴሎቹ አቅም እኩል አይደለምና።

ቆሞ የተለካ ቮልቴጅ ብዙ አይነግርም። ቴስተሩን መሪው ላይ በናስትሮ አስሩ፣ ሽቦዎቹን እንዳይነካኩ አድርጋችሁ ኮንትሮለሩ (ለሞተሩ ኃይል የሚመጥነው ሳጥን) መግቢያ ላይ አጥብቁና ዳገት ውጡ። ከ2 እስከ 4 ቮልት መውረድ ያለ ነው። አብዛኛው የ48 ቮልት ኮንትሮለር ከ40 እስከ 42 ሲደርስ ሞተሩን ያቆማል፤ ባትሪው ገና በግማሽ ሳለ እዚያ ከወረደ አንድ ነገር አለ።

ያ ነገር ሽቦ ይሁን ባትሪ የሚለየው ቀጣዩ ልኬት ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የኮንትሮለሩ ፖዘቲቭ ላይ አድርጉና ዳገት ላይ ጋዝ ስጡ (ቤንዚን ባይኖረውም ጋዝ ማለታችን አልቀረም)። ከ0.3 ቮልት በታች ከሆነ መስመሩ ደህና ነው። 1 ቮልት ካሳየ፣ በ20 አምፔር ሲሄድ 20 ዋት መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ እየቀረ ነው፤ ፕላስቲክ ለማቅለጥ ይበቃል። በኔጋቲቩም ድገሙት፤ ከዚያ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እየለካችሁ የሚሞቀውን ለዩ።

ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ዘንግ የቤት ሽቦ ነው። ግድግዳ ውስጥ ዘመኑን ይጨርሳል፤ ብስክሌት ላይ ግን ንቅናቄው ይሰብረዋል። ሞርሰቲም (በብሎን የሚጠብቀው የሽቦ ማገናኛ) ይላላል። ባለ ብዙ ክር ሽቦ ተጠቀሙ፤ ለ20 አምፔር 4 ካሬ ሚሊሜትር፣ ለ30 ደግሞ 6። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል መጋጠሚያ አይባልም፤ በሊድ በዩት ወይም በኤክስቲ 60 ሶኬት አገናኙ። 30 አምፔር ፊውዝ ባትሪው ፖዘቲቭ ሥር ይግባ፣ ለዲሲ የተሠራ። ለ220 ቮልት ኤሲ የተሠራ የቤት ብሬከር የዲሲን ብልጭታ ላያጠፋው ይችላል።

መስመሩ ደህና ሆኖ ባትሪው በአንዴ ድርግም ብሎ ከጠፋ ቢኤምኤሱ ቆርጦታል። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ ባትሪውን ክፈቱና 13ቱን ረድፎች ለየብቻ ለኩ። ሌሎቹ 3.8 ሆነው አንዱ 3.2 ከሆነ ደካማው እሱ ነው። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የከረመ ሴል ይወገድ፤ መልሶ ቻርጅ ማድረግ እሳት ያመጣል። ቢኤምኤሱን ዘሎ ሽቦውን ዳይሬክት ማድረግም እንደዚያው።

መብራት እያለው አልንቀሳቀስ ካለ የፍሬኑን ማቋረጫ ሶኬት ንቀሉ፤ ከሄደ ጥፋቱ የፍሬን እጀታው ነው። ካልሄደ የጋዙን የምልክት ሽቦ ለኩ፤ ሳይነካ 0.8 ቮልት አካባቢ፣ እስከ ጫፍ ሲዞር ከ3.5 በላይ መሆን አለበት።

የሚንቀጠቀጥና የሚያንገራግር ሞተር ብዙ ጊዜ የሆል ሴንሰር (ሞተሩ የት እንደደረሰ ለኮንትሮለሩ የሚነግረው) ችግር አለበት። በቀጭኑ ቀይና ጥቁር መካከል 5 ቮልት መኖሩን እዩ፤ ከዚያ ጎማውን በቀስታ እያዞራችሁ ቢጫውን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለኩ። እያንዳንዱ ከ0 ወደ 5 ካልተመላለሰ ወይ ሴንሰሩ ሞቷል፣ ወይ ሽቦው አክሱ ሥር ተበጥሷል። ባትሪው ተነቅሎ ጎማው እየከበደ የሚዞር ከሆነ ከሞተሩ ወደ ኮንትሮለሩ የሚሄዱትን ሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች ንቀሉ፤ ከቀለለ ኮንትሮለሩ ተቃጥሏል፣ ካልቀለለ ሾርቱ ሞተሩ ውስጥ ነው።

ክረምት ላይ ውኃ ሽቦውን ተከትሎ ኮንትሮለሩ ውስጥ ይገባል። የሽቦዎቹ መውጫ ወደ ታች ይዙር፤ ሽቦው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቆልመም ይበል፣ ውኃው እዚያው ይንጠባጠባል።

ቻርጀር ስትገዙ «48» የሚለውን ብቻ አታንብቡ። ሌላ ዓይነት ለሆነው ባለ 16 ረድፍ የሊቲየም ፎስፌት ባትሪ የሚሆነው 58.4 ቮልት ይሰጣል፤ ለ13 ረድፉ ባትሪ አደጋ ነው። ሻጩ ፊት ለኩት። መብራት ሲጠፋም ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሊመጣ ይችላል።