የድሮ ማርክሊን ባቡር "አልሄድም" ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሐዲዱ ተወልውሏል፣ ገመዱ በትክክል ተሰክቷል ብዬ ልነሳ። የማወራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ጀርመን፣ ጎፒንገን ማርክሊን የተባለው ድርጅት ስለሠራቸው ባለ ብረት ሐዲድ የአሻንጉሊት ባቡሮች ነው። በ16 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ይሠራሉ።

መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ጎማው አይዞርም

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም ሁሌም ያው ነው፦ የደረቀ ዘይት። ባቡሩ ለዓመታት ካርቶን ውስጥ ሲቀመጥ ዘይቱ ቡናማ ሙጫ ይሆናል። ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ ጎማውን በጣት ግፉት። ገተር ካለ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

ቮልት በመጨመር አይፈታም! የማይዞር ሞተር ላይ ኃይል ሲለቀቅ ጥቅል ሽቦው ይግላል፣ ከዚያ ሽታው ይመጣል። ቁጥር 3000 የሚባለውን ትንሹን ሎኮሞቲቭ አንድ ሰው በዚህ መንገድ አቃጥሎ አምጥቶልኛል። "ትንሽ ሲሞቅ ይላቀቃል ብዬ ነው" አለኝ። ሌላው ደግሞ የምግብ ዘይት አንቆርቁሮበት ነበር። ሲከፈት የጥብስ ሽታ አለው፤ ጥርሶቹ መሀል ፀጉርና የምንጣፍ ክር ተጠምጥሟል። የበር ማጠፊያ ስፕሬይ የሚነፉትማ ብዙ ናቸው። ለአንድ ቀን ይሄዳል፣ ከዚያ ብሶበት ይቆማል።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። ቆቡን (የላዩን አካል) አውልቁ። የሞተሩን ክዳን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ውስጥ ያሉት ሁለት ብሩሾች (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት) አይመሳሰሉም፤ አንዱ ካርቦን ነው፣ ሌላው ከመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ። ቦታቸውን አታቀያይሩ። ጥርሶቹንና አክሰሎቹን በላይተር ቤንዚን በተነከረ የጆሮ ጥጥ ጥረጉ፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ኮሌክተሩ፣ ማለትም ብሩሾቹ የሚነኩት የሚዞረው መዳብ፣ ሦስት ቁራጭ ነው። በመካከላቸው ያለው ስንጥቅ በካርቦን ብናኝ ከተሞላ ቁራጮቹ ይገናኛሉ፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ብናኙን በስቴኪኒ አውጡት። በካቻቪቴ አይደለም፣ በስቴኪኒ! የአሸዋ ወረቀትም አታስጠጉ።

ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ሳይተን ኤሌክትሪክ አትስጡ። ሞተሩ ስፓርክ ያደርጋል፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ከዚያ በመርፌ ጫፍ ለየአክሰሉ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። አንድ። ኮሌክተሩ ላይ ምንም።

አቅጣጫ ቀይር ሲባል ወደፊት ይዘላል

አቅጣጫ የሚቀየረው በ24 ቮልት ምት ነው። ምቱ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የምትሠራ መቀየሪያ) ይመታል። የሪሌይዋ ስፕሪንግ ከጠነከረ ሳትቀይር ቀርታ ባቡሩ ይስፈነጠራል፤ ከጠረጴዛ ላይም ይወድቃል። ከላላ ደግሞ እየሄደ ባለበት በራሱ ይቀይራል። በወረንጦ በጣም ጥቂት አስተካክሉና ሞክሩ። ስቦ ያረዘማት ሰው ወደ ቦታዋ አይመልሳትም።

መስቀለኛ ላይ ይቆማል

ከሆዱ ስር ያለው፣ ከሐዲዱ መሀል ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ተንሸራታች ተቆልምሟል ወይም አልቋል። ቀይሩት፤ ርካሽ ነው። በማይታወቅ ቦታ የተሠሩት ቅጂዎች ግን ቶሎ ይጎብጣሉ።

ትራንስፎርመሩ

የድሮው ባለ ብረት ሣጥን ትራንስፎርመር ገመዱ የላስቲክ ነው። ስታጥፉት ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ አትሰኩት፣ በፕላስተርም አትጠቅልሉት። ለልጅ ደግሞ በጭራሽ አትስጡ። ለኤሲ ባቡር የተሠራ አዲስ ትራንስፎርመር ግዙ።

ከሁሉ የከፋው ሁለት ትራንስፎርመር ከአንድ ሐዲድ ጋር ማያያዝ ነው። አንዱን ከግድግዳ ስትነቅሉ ሁለተኛው በሐዲዱ በኩል ወደ ኋላ ይመግበዋል። በእጃችሁ የያዛችሁት ሶኬት ጫፍ ላይ ከ200 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ ሐዲድ ይኑረው፣ መገናኛቸውም ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ ይለይ።

ሆርንቢ ደብሎ የሚባለው የእንግሊዝ አሻንጉሊት ባቡር 12 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ነው፤ በማርክሊን ኤሲ አትሞክሩት።

አካሉ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈርሳል

በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ላይ የሚታይ የዚንክ ቅይጥ በሽታ ነው። መድኃኒት የለውም። ስትገዙ ጥግ ጥጉን በብርሃን እዩ፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ ዋጋው ምንም ቢረክስ አትግዙት።