የራስን የኤፍ-ድሮይድ ማከማቻ እንዴት ማቋቋም ይቻላል

ኤፍ-ድሮይድ ከ2010 ጀምሮ ነጻ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ሲያሰራጭ የቆየ ፕሮጀክት ነው። ዋናው ማከማቻ የሚዘጋጅበት መሣሪያ፣ ኤፍድሮይድሰርቨር፣ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ማንኛውም ድርጅት ወይም ፕሮግራመር የራሱን ማከማቻ መክፈት ይችላል። ተጠቃሚው አድራሻውን አንዴ ስልኩ ላይ ካስገባ፣ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ያለ ጎግል አካውንት ይደርሰዋል።

ከሁሉ በፊት ሥራውን ለሁለት ማሽን ክፈሉት። መሣሪያዎቹና የፊርማው ቁልፍ (የመተግበሪያ ዝርዝሩ የእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጠው ምስጢራዊ ቁልፍ) የሚቀመጡት በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሰርቨር የተዘጋጀውን ፋይል ከማደል ሌላ ሥራ አይኑረው። ሁሉንም አንድ ሰርቨር ላይ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን ሰርቨሩን ሰብሮ የገባ ሰው ቁልፉንም ያገኛል፤ በእናንተ ፊርማ የፈለገውን የመተግበሪያ ዝርዝር ለተጠቃሚዎቻችሁ ያቀርባል።

ከዚህ በታች ያሉት ትእዛዞች በድምፃቸው ተጽፈዋል፤ ስትተይቧቸው በላቲን ፊደል ነው።

መጫን። በዴቢያን ወይም በኡቡንቱ (ሁለቱም የሊኑክስ ስርጭቶች ናቸው) «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤፍድሮይድሰርቨር» በቂ ነው። ጃቫ እና ኤፒኬሳይነር አብረው መግባታቸውን አረጋግጡ፤ የመጀመሪያው ቁልፉን ለመፍጠር፣ ሁለተኛው የመተግበሪያዎችን ፊርማ ለመመርመር ያስፈልጋል። በስርጭቱ ውስጥ ያለው እትም አርጅቶ አዳዲስ ኤፒኬዎችን (የአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛ ፋይሎችን) ማንበብ ካቃተው ከባክፖርትስ (አዳዲስ እትሞች ለቆየ ስርጭት ከሚቀርቡበት ክፍል) ውሰዱ፣ ወይም በፒፕ (በፓይተን ፕሮግራም መጫኛ) ጫኑ። ዴቢያን 12 ፒፕ የሲስተሙን ፓይተን እንዲነካ ስለማይፈቅድ መጀመሪያ ለብቻው ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ከሲስተሙ የተነጠለ የፓይተን ፎልደር) ክፈቱለት።

ማከማቻውን መፍጠር። «ኤፍድሮይድ» የሚል ፎልደር ክፈቱና ውስጡ ገብታችሁ «ኤፍድሮይድ ኢኒት» በሉ። ሦስት ነገር ይፈጠራል፦ ሪፖ የሚባል ፎልደር፣ ኮንፊግ የተባለው የያምል ፋይል (ቅንብሮቹ የሚጻፉበት የጽሑፍ ፋይል) እና ቁልፉን የያዘው ኪስቶር። ቁልፉ ባለ 4096 ቢት አርኤስኤ ሲሆን ለ10,000 ቀን ያገለግላል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የኪስቶሩ የይለፍ ቃል የተጻፈው ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ስለሆነ ሁለቱን ፋይሎች አንድ ላይ ቅዱና ከኮምፒውተሩ ውጭ ቢያንስ በሁለት ፍላሽ አስቀምጡ። ቁልፉ ከጠፋ ስልኮቹ በአዲስ ቁልፍ የተፈረመ ዝርዝር አይቀበሉም፤ ያለው አማራጭ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ማከማቻውን ሰርዞ እንደገና እንዲያስገባ ማድረግ ብቻ ነው። የኮንፊግ ፋይሉን ፈቃድ ደግሞ በ«ሲኤችሞድ 600» ዝጉት፤ ካልዘጋችሁት መሣሪያው ራሱ ያስጠነቅቃችኋል።

ከዚያ ኮንፊጉ ውስጥ የማከማቻውን ስም፣ መግለጫና አድራሻ ሙሉ። አድራሻው በ«ኤፍድሮይድ/ሪፖ» ማለቅ አለበት።

መተግበሪያ ማስገባት። በገንቢው ቁልፍ (ከማከማቻው ቁልፍ የተለየ ነው) የተፈረመውን ኤፒኬ ሪፖ ውስጥ አስቀምጡና «ኤፍድሮይድ አፕዴት» ከ«ሰረዝ ሲ» ጋር አስኪዱ። ሜታዳታ ፎልደር ውስጥ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ አንድ የያምል ፋይል ይፈጠራል፤ ስሙንና ፈቃዱን እዚያ አስተካክሉ። መግለጫውን በአማርኛ ለማቅረብ በመተግበሪያው መለያ ስም ፎልደር፣ በውስጡም የአማርኛ የቋንቋ ኮድ በሆኑት «ኤ» እና «ኤም» ፊደላት የተሰየመ ሌላ ፎልደር ክፈቱ። አጭር መግለጫው ከ80 ፊደል፣ ረጅሙ ከ4,000 ፊደል እንዳይበልጥ። ስልካቸውን በአማርኛ የሚጠቀሙ ሰዎች የሚያነቡት ይህንን ነውና ጊዜ ስጡት። ለውጡ እንዲገባ «ኤፍድሮይድ አፕዴት»ን ድገሙት።

ወደ ሰርቨሩ መላክ። ኮንፊጉ ላይ «ሰርቨርዌብሩት» በሚለው መስመር ከሰርቨሩ ጋር በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) የምትገቡበትን የተጠቃሚ ስም፣ የሰርቨሩን ስምና የፎልደሩን ቦታ ጻፉ። መንገዱ «ኤፍድሮይድ» በሚለው ስም ካላለቀ መሣሪያው ስህተት ብሎ ያቆማል። ፋይሎቹን የሚያስተላልፈው አርሲንክ ሁለቱም ማሽኖች ላይ መኖር አለበት። ከዚያ «ኤፍድሮይድ ዲፕሎይ» በሉ።

ሰርቨሩ ላይ ኤንጂንኤክስ የተባለው የድር ሰርቨር ፕሮግራምና ሰርትቦት በሚባለው መሣሪያ የሚወሰድ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬት ይበቃሉ። 403 (መግባት ተከልክሏል የሚል ስህተት) ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ኤንጂንኤክስ ፋይሎቹን የማንበብ ፈቃድ ስለሌለው ነው። ከፊት ሲዲኤን (ፋይሎችን ቀድቶ ከቅርብ የሚያድል የሰርቨሮች መረብ) ካለ የማውጫ ፋይሎቹን፣ ማለትም የመተግበሪያ ዝርዝሩን የያዙትን፣ ካሽ እንዳያደርግ (አሮጌ ቅጂ ይዞ እንዳያድል) አዙት። ኢንትሪ የሚባለው ትንሽ የተፈረመ ፋይል የዋናውን ማውጫ ሀሽ (ከይዘቱ የተሰላ መለያ ቁጥር) ይዟል፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሆነው ከደረሱ ሀሹ ስለማይገጥም ስልኩ ማሻሻያውን አይቀበልም።

ስልክ ላይ መሞከር። አድራሻውን ከፊንገርፕሪንቱ ጋር ስጡ፤ 64 ቁምፊ ያለው የቁልፉ አሻራ ነው። ከኪቱል (ከጃቫ ጋር ከሚመጣው የቁልፍ መሣሪያ) የቀዳችሁት ከሆነ በመካከል የሚገቡትን የ«:» ምልክቶች አውጡ። አዲሶቹ እትሞች ሪፖ ፎልደር ውስጥ ኪውአር ኮድ ያለው ገጽ ስለሚያዘጋጁ ያንን ማስነበብ ይቀላል።

ማከማቻው ተነብቦ ማሻሻያው አልወጣ ካለ የኤፒኬው የእትም ኮድ ከበፊቱ መብለጡን ተመልከቱ። ተጭኖ ያለው መተግበሪያ በሌላ ቁልፍ የተፈረመ ከሆነ ደግሞ አንድሮይድ በላዩ ላይ አይጭንም፤ ማጥፋት ግድ ነው፣ ውስጡ ያለው ዳታም አብሮ ይጠፋልና ተጠቃሚው አስቀድሞ ይቅዳ።