አሳቲግ ላይ በጸደይ አሳ ስታጠምዱ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ሚያዝያ ላይ ዲሲ አካባቢ ሙቀቱ 75 ፋራናይት ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ቅዳሜ አሳ አንሄድም እንዴ?» ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ ሐዋሳ ወይ ዝዋይ ያደገ፣ በልጅነቱ ትል ሰክቶ ቆሮሶ ያወጣ ሰው ነው። ችግሩም እሱ ነው። የሚያውቀው ሐይቅ ነው። ሦስት ሰዓት ነድተን የምንደርስበት የሜሪላንዱ አሳቲግ ደሴት ግን ውቅያኖስ ላይ ነው ያለው። ስሙ «አሳ» ብሎ ስለጀመረ አሳው ተሰልፎ አይጠብቅም።

(ጸደይ ስል የመጋቢትና የሚያዝያውን ነው፤ የአደይ አበባውን አይደለም።)

አየሩን አይቶ መውጣት

ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። አየር በአንድ ቀን ይሞቃል። ውቅያኖስ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ሚያዝያ ውስጥ እዚያ ያለው ውሃ 50 ፋራናይት ገደማ ነው። እናንተ ቲሸርት ለብሳችሁ ትመጣላችሁ። ከሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል ቀዝቃዛው አየር ከባሕሩ ተነስቶ ፊታችሁን ይመታችኋል። ከዚያ «ጃኬት ይኖርሃል?» ይመጣል። የለኝም። የራሴን ነው የለበስኩት።

አሳውም እንደዚያው ነው። ሰውነቱ ውሃው የቀዘቀዘውን ያህል ስለሚቀዘቅዝ ምግብ አያሯሩጠውም። ብሉፊሽ የሚባለው ተናካሽ ውሃው ወደ 60 ካልተጠጋ በብዛት አይመጣም። ስለዚህ ቤንዚን ከማቃጠላችሁ በፊት የውሃውን ሙቀት እዩ። ኖአ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኦሽን ሲቲን በነጻ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል።

ልብስን በተመለከተ መናገር ያለብኝ አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው ጸደዬ እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ ገዝቼ፣ አብሮት የመጣውን ቀበቶ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል» ብዬ መኪና ውስጥ ተውኩት። ወገቤ ድረስ ገባሁ። አንድ ሞገድ ከጎን መጥቶ ጣለኝ። ሱሪው ከላይ ውሃ ጠጣ። ቅዝቃዜው ሲነካኝ ሳላስበው አፌ ተከፈተና ጨው ውሃ ጎረስኩ። እግሬ የሲሚንቶ ከረጢት የታሰረበት ያህል ከበደኝ። አጠገቤ ሲያጠምዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በአንገትጌዬ ጎትተው አወጡኝ። ምንም አላሉኝም፤ ወገባቸው ላይ ያለውን ቀበቶ ብቻ መታ መታ አድርገው አሳዩኝ። ቀበቶው ውሃ እንዳይገባ ነው። እሰሩት። ከጉልበት በላይም አትግቡ፤ ለምን እንደማያስፈልግ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ውሃው ባለበት የሚቆይ መምሰል

ሐዋሳ ጠዋት ያያችሁት ውሃ ማታም እዚያው ነው። ይሄ ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስላለው በማግስቱ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። «ባለፈው ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ስንት አወጣን» የሚባል ነገር አይሠራም። እኔ የምመርጠው ከሙላቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ሰዓት ነው። ውሃው ሲንቀሳቀስ ምግብ ይንቀሳቀሳል፣ አሳው ይከተላል።

የእኛ ሰው ደግሞ የራሱ የሆነ ስህተት አለው። ለአንዱ ጓደኛዬ «ሙላቱ 2 ሰዓት ላይ ነው» አልኩት፣ በሐበሻ ሰዓት። እሱ አሜሪካ ቆይቷልና ከሰዓት በኋላ 2፡00 ላይ ኩለሩን እየጎተተ ከተፍ አለ። በሐበሻና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። ከሙላት እስከ ጉድለት ያለውም ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ባሕሩን ጎድሎ፣ እኔን ዕቃ ስሰበስብ አገኘኝ። አሁን «የፈረንጅ ሰዓት» ሳልል ሰዓት አልናገርም።

ሩቅ መወርወር

አሥራ ሁለት ጫማ ዘንግ የገዛ ሰው አድማሱን ካልመታ አይረካም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አሳው ግን ብዙ ጊዜ በአሸዋው ጉብታና በዳርቻው መካከል ባለው ቦይ ውስጥ፣ ከእግራችሁ ሃያ ሠላሳ ሜትር ላይ ይመላለሳል። እናንተ በላዩ ላይ ትወረውራላችሁ። ውሃው ጎድሎ ሳለ ቀድማችሁ ድረሱና ጉድጓዶቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ውሃው ሲሞላ ደግሞ ሞገዱ የሚሰበርበት ቦታ ጥልቀት የለውም፤ የማይሰበርበት ጥልቅ ነው። ጥልቁ ላይ ጣሉ። ለመዋኘት ከሆነ ግን ያው ቦታ ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ሊሆን ስለሚችል ዝር አትበሉ።

ክሩን የሚያሰምጠው የእርሳስ ክብደት ቀላል ከሆነ ሞገዱ ጠርጎ ጎረቤት ክር ላይ ይጠመጥምባችኋል። ከ4 አውንስ በታች አትጀምሩ።

ብለድወርም የሚባለውን ትል እንደ ሐዋሳው ትል አትዩት። አራት ጥርስና መርዝ አለው፤ ንክሻው ንብ የነደፈችህ ያህል ነው።

ሮክፊሽን በጉልበት መያዝ

ሜሪላንዶች ሮክፊሽ የሚሉት ስትራይፕድ ባስን ነው። በትል ወይም በቁራጭ አሳ ስታጠምዱት ሰርክል ሁክ የሚባለው ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ መንጠቆ ግዴታ ነው። በዚህ መንጠቆ ዘንጉን መንጨቅ አይሠራም። ጓደኞቼን እዩዋቸው ግን፦ ዘንጉ ሲነቃነቅ ዘለው እንደ ጅራፍ ያጮሁታል፣ መንጠቆው ከአፉ ሾልኮ ይወጣል፣ ከዚያ «ክሩ ነው፣ ርካሽ ክር ነው» ይጀመራል። ተዉት! ዝም ብላችሁ ጠቅልሉ። አሳው ዞሮ ሲሄድ መንጠቆው ራሱ ከንፈሩ ጥግ ላይ ይገባል።

ይህን ስጽፍ በውቅያኖሱ በኩል የሚፈቀደው ለአንድ ሰው በቀን አንድ፣ ከ28 እስከ 31 ኢንች ያለው ብቻ ነው። 36 ኢንች ስታወጡ ማልቀስ ያምራችኋል፤ ይገባኛል። ግን በጸደይ ያን የሚያክለው አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል የተሸከመች እናት ናት። መልሷት። ሕጉ በየጊዜው ስለሚቀየርም ፈቃድ ስታወጡ የዘንድሮውን አንብቡ።

ምግብ አሸዋ ላይ ትቶ ዞር ማለት

ደሴቱ ላይ የዱር ፈረሶች አሉ። 40 ጫማ ርቃችሁ እንድትቆዩ ሕግ ያዛል፣ ፈረሶቹ ግን ሕጉን አላነበቡም። ባለፈው ዓመት ጾም ስለነበር ሽሮ በእንጀራ ጠቅልዬ ኩለሩ ላይ አስቀመጥኩ። ዘንጌ ተነቃነቀ፣ ሮጥኩ። ስመለስ አንዱ ፈረስ ፌስታሉን አፉ ላይ አንጠልጥሎ ያየኛል። ዘንጉን ያነቃነቀውም አሳ አልነበረም፤ ሞገድ ነው።